በ35 ዓመት የትኛውን ውድድር ልያዝ፣ የትኛውን ልልቀቅ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ አሰልጣኝ። ዕድሜዬ 35 ነው። ፕሮፌሽናል ብስክሌተኛ ከሆንኩ 12ኛ ዓመቴ ነው። አሁን ያለሁት በአንድ የአውሮፓ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ቡድን ውስጥ ነው። የሚሆኑልኝ አጫጭር ዳገት የሚበዛባቸው የአንድ ቀን ውድድሮች ናቸው። ኮንትራቴ በዚህ ሲዝን መጨረሻ ያልቃል። ቡድኑ የላከልኝ ፕሮግራም 74 የውድድር ቀን አለው። ኤፕሪል ላይ ሦስቱ የአርደን ውድድሮች (የቤልጅየምና የኔዘርላንድ ዳገታማ የአንድ ቀን ውድድሮች)፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ቩኤልታ፣ የሦስት ሳምንቱ የስፔን ዙር፣ አለበት። የተወሰነውን ልተው ብል “አረጀ” ይሉኛል ብዬ እፈራለሁ። ሁሉንም እንዳልሄድ፣ ባለፈው ዓመት ከሜይ በኋላ ሰውነቴ እምቢ ብሎኛል። ምኑን ላስቀድም? ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ አብሮ ጤና ይስጥልን። ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ዓይኔ የቀረው «ከሜይ በኋላ ሰውነቴ እምቢ ብሎኛል» የምትለዋ ላይ ነው። ከሷ ልነሳ።

ሰውነትህ እምቢ ያለህ በ24 ዓመትህ ትሄድበት በነበረው ፕሮግራም በ34 ዓመትህ ስለሄድክ ነው። ወጣት ብስክሌተኛ ብቃቱን እዚያው ውድድር ላይ ይገነባል። እሁድ ይወዳደራል፣ ማክሰኞ እግሩ ይመለሳል፣ ረቡዕ ደግሞ ይነሳል። አንተ እሁድ ተወዳድረህ እግርህ የሚመለስልህ ሐሙስ ነው። ሁለት ቀን ብቻ ናት ልዩነቷ። ግን ሲዝኑን ሙሉ አጠራቅማትና ሜይ ላይ ምን እንደምትሆን አስበው።

ስለዚህ የውድድር ቀን መቁጠሩን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ የምትቆጥረው በዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ጫፍ ላይ መድረስ እንደምትችል ነው። ጫፍ ስል እግርህ ሙሉ፣ ጭንቅላትህ ንጹሕ፣ ክብደትህ ልክ የሆነበትን ሁለት ሦስት ሳምንት ማለቴ ነው። በእኔ ልምድ ከ33፣ 34 ዓመት በኋላ ብዙዎች ይህን በደንብ የሚያገኙት በዓመት ሁለቴ ነው። ሦስተኛውን የፈለገ ብዙ ጊዜ ሁለተኛውንም ያጣል። አንዱን ጫፍ ለመገንባት አሥር፣ አሥራ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። በመሃል ደግሞ እውነተኛ ዕረፍት ያስፈልጋል። ዓመቱ ከዚያ በላይ አይበቃም።

ከሁለቱ ጫፎች ውጪ ያለውን ውድድር ሁሉ ሌላ ስም ስጠው። እኔ ከልጆቼ ጋር ሀ፣ ለ፣ ሐ እያልኩ ነው የምሠራው። «ሀ» ጫፉ የተሠራለት ውድድር ነው። «ለ» ወደዚያ የሚወስድህ ነው፤ በርትተህ ትወዳደራለህ፣ ባይሳካ ግን አታዝንም። «ሐ» ለቡድኑ የምትሠራበት ነው። «ሀ» በዓመት ከአራት ካለፈ ምንም አልመረጥክም ማለት ነው።

ጥቂት ዓመት ወደኋላ ልመልስህ። ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ከአንድ የ36 ዓመት ብስክሌተኛ ጋር ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የዓመቱን ካላንደር ዘርግተን ተቀምጠን ነበር። ቀይ እስኪርቢቶ ሰጠሁት፣ ዋና ዋናዎቹን ክበብልኝ አልኩት። 11 ከበበ። «ከእነዚህ አንዱን ብቻ ታሸንፋለህ ብትባል የቱ ይሁን?» አልኩት። ዝም አለ። እስኪርቢቶውን ያዞረዋል፣ ካላንደሩን ያያል፣ ደግሞ ያዞረዋል። ሚስቱ ቡና እያቀረበች ነበር። ስኒውን አስቀምጣ በጣቷ አንዱን ቀን ነካች። «ይቺን ነዋ! ሌሊት በሕልሙ የሚያወራው ስለሷ ነው» አለች። እሱም ሳቀ፣ ትክክል ነበረች። በዚያ ውድድር 4ኛ ወጣ። በሦስት ዓመት ውስጥ የተሻለው ውጤቱ ነበር። ከሌሎቹ ቀይ ክቦች ስምንቱን ሰርዘን ነው እዚያ የደረስነው። አንተንም ይህንኑ ጥያቄ ነው የምጠይቅህ። ለብቻህ አትመልሰው፣ ቤትህ ያለውን ሰው ጠይቅ።

አሁን የአንተን እንምረጥ። ዕድሜ ሁሉን ነገር እኩል አይወስድም። ቀድሞ የሚሄደው ፍንዳታው ነው። ከዳገት ግርጌ ስድስት ሰባቴ ተፈትልኮ ደግሞ ወዲያው መመለስ ይከብዳል። ለስድስት ሰዓት በተረጋጋ ኃይል መርገጥ ግን በደንብ ለያዘው ሰው ብዙ ዓመት ይቆያል። በዚያ ላይ ልምድ አለ። መቼ እንደሚበላ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ መንገዱ ከመጥበቡ በፊት የት መሆን እንዳለብህ ታውቃለህ። 22 ዓመት የሆነው ልጅ ይህን የሚማረው እየወደቀ ነው። ስለዚህ ውድድሩ በረዘመ ቁጥር ወደ አንተ ይመጣል።

እስቲ እዩኝ ያሉትን አንጋፋዎች ተመልከት። አሌሃንድሮ ቫልቨርዴ እ.ኤ.አ. በ2018 ኢንስብሩክ ላይ በ38 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን መንገዱ 258 ኪሎ ሜትር ነበር። ፊሊፕ ዢልቤር በ2019 በ36 ዓመቱ ፓሪ ሩቤን፣ የፈረንሳዩን የድንጋይ መንገድ ውድድር፣ ሲወስድ 257 ኪሎ ሜትር ነበር። በነገራችን ላይ ዢልቤር ዝም ብሎ ሄዶ አላሸነፈም። ዓመት ቀደም ብሎ በ2018 ሄደ፣ 15ኛ ወጣ፣ ድንጋዩን አጠናው፣ ከዚያ ተመለሰ።

ከሁሉም ግን እኔን የሚነካኝ ማቲው ሄይማን ነው። አውስትራሊያዊ ነው፤ ሙሉ ሕይወቱን ለሌሎች የሠራ ረዳት። በፌብሩዋሪ 2016 መገባደጃ ቤልጅየም ውስጥ ወድቆ እጁን ሰበረ። ፓሪ ሩቤ ስድስት ሳምንት ነበር የቀረው። ቤቱ ጋራዥ ውስጥ ሮለር፣ ባሉበት ሆኖ የሚረገጥበት መሣሪያ፣ ላይ ወጣ። እጁ ታስሮ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ መንገድ ሳያይ ሰዓታት ረገጠ። ከሩቤ በፊት የተወዳደረው ስፔን ውስጥ ባሉ ሁለት አነስተኛ ውድድሮች ብቻ ነው። ኤፕሪል 10 ላይ ገና ከማለዳው ከብዙኃኑ ቀድመው ካፈተለኩት ጋር ወጣ። ታላላቆቹ ሲደርሱበት እሱ አልተለቀቀም። ውድድሩ የሚያልቅበት ቬሎድሮም ውስጥ ቤልጅየማዊውን ኮከብ ቶም ቦነንን በስፕሪንት ቀደመው። ዕድሜው 37 ነበር፤ ሩቤን ሲወዳደር ለ15ኛ ጊዜ። ያ ሁሉ የቀረበት ውድድር ጎድቶታል ብለህ ታስብ ይሆናል። እኔ ግን ያ የግዴታ ዕረፍት እግሩን እንዳዳነለት ነው የማምነው። ትኩስ ሆኖ መጣ። መንገዱንም በጨለማ ቢሄድ ያውቀዋል።

ወደ አንተ ኤፕሪል ልምጣ። አምስቴል ጎልድ እሁድ ነው፣ ፍሌሽ ዋሎን ረቡዕ፣ ሊዬዥ ባስቶኝ ሊዬዥ በሚቀጥለው እሁድ። ሦስት ውድድር በስምንት ቀን። ቡድኑ ሦስቱንም ሰጥቶሃል። እኔ ብሆን ረቡዕን እተዋለሁ። ፍሌሽ የሚወሰነው ሙር ደ ዊ በምትባለው ዳገት ላይ ነው፤ 1.3 ኪሎ ሜትር፣ ግን ግድግዳ ናት። ያቺ ንጹሕ ፍንዳታ ነች፣ የልጆች ሜዳ ነች። «ቫልቨርዴ በ2022፣ 42 ዓመት ሊሞላው አምስት ቀን ሲቀረው፣ እዚያው 2ኛ አልወጣም ወይ?» ትለኝ ይሆናል። ወጥቷል። ግን ከዚያ በፊት ዳገቷን አምስት ጊዜ ያሸነፈ ሰው ነው። በሱ ራስህን አትለካ።

አምስቴል እና ሊዬዥ ሁለቱም 250 ኪሎ ሜትር አካባቢ ናቸው። ረቡዕ ሌላው ሲታገል አንተ ሁለት ሰዓት በእርጋታ ነድተህ፣ ከሰዓት ተኝተህ እሁድን ትጠብቃለህ። በአንድ ረቡዕ ሁለት እሁድ ትገዛለህ። ከአምስቴል በፊት ቤልጅየም ውስጥ ብራባንስ ፔይል የሚባል ውድድር አለ። የእሱም ዳገቶች አጫጭር ናቸው፤ እሱን «ለ» አድርገው፣ እግርህን ታይበታለህ።

ከዋናው ውድድር በፊት ያሉትን ሁለት ሳምንታት ተጠንቀቅ። አንጋፋ ተወዳዳሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ፍርሃት ይይዘዋል፣ «አልበቃሁም» ብሎ ይጨምራል። የልምምድህን ሰዓት በግማሽ ያህል ቀንስ። ፍጥነቱን ግን አትቀንስ። አጭርና ከባድ ሥራህን እንደያዝክ ሰዓቱን ብቻ ቁረጥ። እግርህ ሦስተኛው ቀን ላይ ድንዝዝ ይልብሃል፣ አትደንግጥ።

ከሊዬዥ በኋላ አሥር ቀን ብስክሌት አትንካ። እንዲህ ስል ብዙዎች ይከራከሩኛል፤ እኔ አልለቅም። ባለፈው ዓመት የተሰበርከው ይህን ስላላደረግክ ይመስለኛል።

ሁለተኛውን ጫፍ የት እናድርገው? እዚህ ኮንትራትህ ይገባል። የዝውውር ጊዜ በይፋ የሚከፈተው ኦገስት 1 ነው። ንግግሩ ደግሞ ከዚያ አስቀድሞ ይጀመራል። ሴፕቴምበር ሲደርስ አብዛኛው ቡድን በጀቱን ጨርሷል። አሜሪካዊውን ክሪስ ሆርነርን አስታውስ። በ2013 ጉልበቱን ታሞ ኦፕራሲዮን ሆነ፣ ከማርች እስከ ኦገስት ሳይወዳደር ቆየ። አሜሪካ ውስጥ በዩታ ዙር ተመልሶ አጠቃላይ 2ኛ ወጣ። ከዚያ ጣሊያናዊውን ቪንሴንዞ ኒባሊን በ37 ሰከንድ በልጦ ቩኤልታን አሸነፈ። 42 ሊሞላው አንድ ወር ገደማ ነበር የቀረው። ከሦስቱ ታላላቅ ዙሮች (ከጣሊያን፣ ከፈረንሳይና ከስፔን) አንዱን ካሸነፉት ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው እሱ ነው። ታሪኩ ግማሹ ለአንተ ተስፋ ነው፤ በጥቂት የውድድር ቀን ትኩስ ሆኖ መጥቶ ወጣቶቹን አደከማቸው። ግማሹ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። ያን ያሸነፈ ሰው ለሚቀጥለው ዓመት ቡድን ያገኘው አዲሱ ዓመት ከገባ በኋላ ነው። ውጤቱ የመጣው ገበያው ከተበተነ በኋላ ነበር።

ስለዚህ ሁለተኛው ጫፍህ ጁላይ ላይ ይሁን። ጁላይ ላይ ዓለም ሁሉ ፈረንሳይን ነው የሚያየው። ታላላቆቹ ቱር ደ ፍራንስ ላይ ናቸው። በዚያው ወር ግን ቱር ኦፍ ኦስትሪያ አለ፣ ሩማንያ ውስጥ ሲቢዩ አለ፣ ወሩ ሲያልቅ ቱር ደ ዋሎኒ አለ። የዋሎኒው መንገድ የአንተው ዓይነት ነው፤ አጫጭር ዳገት፣ የተጠማዘዘ መንገድ፣ የሚያደክም ቀን። ኦገስት ሊገባ ቀናት ሲቀሩት አንድ ጥሩ ውጤት ይዘህ ስልክህን ብታነሳ፣ ወኪልህ የሚናገረው ነገር ያገኛል።

የነጥቡን ነገርም አትናቀው። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ዩሲአይ ቡድኖችን ለአንደኛ ዲቪዚዮን የሚመዝነው በሦስት ዓመት ነጥብ ነው። ከ2023 ጀምሮ የሚቆጠረው የ20 ተወዳዳሪዎች ነጥብ ነው። በዚያው ዓመት በወጣው ሠንጠረዥ 1.1 የምትባለውን አነስተኛ የአንድ ቀን ውድድር ያሸነፈ 125 ነጥብ ያገኛል። በቱር ደ ፍራንስ የአንድ ቀን ጉዞ 3ኛ የወጣ የሚያገኘው 110 ነው። ቴሌቪዥን የማያሳየው የማክሰኞ ውድድር ከዚያ ይበልጣል ማለት ነው። ቡድን አለቆች ይህን በልባቸው ያውቁታል። አንተም ዕወቀውና ስትነጋገር አንሳው። በፕሮግራምህ ላይ ካሉት 1.1 ውድድሮች ከዳገቱም ከጊዜውም የሚስማሙህን ሁለት ምረጥ። ስማቸው ትንሽ ስለሆነ «ሐ» አታድርጋቸው።

ቩኤልታን በተመለከተ በእርሳስ ጻፈው። 21 የውድድር ቀን ነው፤ ከፕሮግራምህ ሩብ በላይ። ኮንትራትህ እስከ ኦገስት አጋማሽ ከተፈረመና እግርህ ደህና ከሆነ፣ ሁለት ሦስት ቀን መርጠህ ለማፈትለክ ሂድ። ሌላውን ቀን ከኋላው ቡድን ጋር በሰላም ግባ። ካልሆነ ግን ቦታውን ለአንድ የ23 ዓመት ልጅ ልቀቅለት። ሦስት ሳምንት ለእሱ ሰውነት ግንባታ ነው፣ ለአንተ ወጪ ነው። ከቩኤልታ ጋር 74 የነበረው፣ ረቡዕንና ያንን ስታወጣ 52 ይሆናል። እኔ የምፈልገው እዚያ አካባቢ ነው።

«አረጀ ይሉኛል» ስላልከው። ይህ ፍርሃት ይገባኛል፣ አላቃልለውም። ግን ኃይሌን አስበው። በ2008 ኃይሌ ገብረሥላሴ 35 ዓመቱ ነበር፤ ልክ እንዳንተ። የማራቶን የዓለም ሪከርድ በእጁ ነበር። የቤይጂንግ አየር ለአስሙ አይሆንም ብሎ የኦሊምፒክ ማራቶኑን ተወው። ኦሊምፒክን! በ10 ሺህ ሜትር ሮጦ 6ኛ ወጣ። ስንቱ ምን ያላለው ነበር ያኔ። ከስድስት ሳምንት በኋላ በርሊን ላይ 2:03:59 ገባ፤ ከ2:04 በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። የተወው ውድድር ያቆየለትን እግር ነው በርሊን ላይ ያወጣው።

ከቡድንህ ዳይሬክተር ጋር ስትነጋገር «ይህን አልሄድም» ብለህ አትጀምር። መጀመሪያ የምትሰጠውን ዘርግተህ አሳየው። «ፌብሩዋሪና ማርች ላይ ያሉትን እነዚህን ውድድሮች ለልጆቹ እሠራለሁ፣ ቦታ አስይዛቸዋለሁ፣ ነፋስ ላይ እወጣላቸዋለሁ፣ ውሃ አመላልሳለሁ። በምትኩ ረቡዕን ልረፍና እሁድ ቡድኑ ለእኔ ይሥራ» በለው። ጽፈህ ስጠው፣ አንድ ገጽ አይበልጥ። አንጋፋ ተወዳዳሪ ፕሮግራም የሚያስከብረው ሌላው ሰው ሲጠቀምበት ነው። ማርክ ካቨንዲሽ በ2024፣ በ39 ዓመቱ፣ 35ኛውን የቱር ደ ፍራንስ የዕለት ድሉን ሲያገኝ የቡድኑ ዓመት ሁሉ ለዚያ አንድ ቀን የተሠራ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ላይ ሙቀቱ ጎድቶት እያስመለሰው ነበር። ጓደኞቹ ጠብቀው፣ ጎትተው፣ የሰዓት ገደቡ ሳያልፍበት አስገቡት። በአምስተኛው ቀን ሳን ቩልባ ላይ አሸነፈ። ብቻውን የመረጠው ግብ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ቀን ላይ ያልቅ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ከአሥሩ ቀን ዕረፍት በኋላ ሜይ ላይ አገር ቤት ለመግባት ካሰብክ ጥሩ ነው። ሌሎቹ ከፍታ ፍለጋ ስፔን ካናሪ ደሴቶች ውስጥ ቴይዴ ተራራ ላይ ሆቴል ይከራያሉ፤ አዲስ አበባ ራሷ ከዚያ ሆቴል ትበልጣለች፣ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት። ሦስት ሳምንት ይበቃል። ግን ሦስቱንም ሳምንት ሰርግ፣ ለቅሶ፣ «ናፍቀኸናል ና ምሳ ብላ» ከሆነ ልምምድም ዕረፍትም የለም። የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት ለዘመድ ስጥ፣ ሁሉንም ጠይቃቸው፣ ከዚያ ወደ ሱሉልታ ወጣ በል። መንገድ ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሳያልፍ ውጣ፤ ከባድ መኪናው ሳይበዛ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ዋትህ (የመርገጥ ኃይልህ ልኬት) ይወርዳል፤ የተለመደ ነው፣ አትታገለው። ወደ አውሮፓ የምትመለሰው ከመጀመሪያው የጁላይ ውድድርህ በፊት ሁለት ሳምንት ተኩል ገደማ ቀርቶት ይሁን።

የጠዋት የልብ ምትህን ከአልጋ ሳትነሳ ቁጠር። በየቀኑ፣ በደብተር። ሦስት ጠዋት በተከታታይ ከወትሮው ሰባት ስምንት ምት ከፍ ካለና እንቅልፍህም ከተሰበረ፣ ያ ሳምንት «ለ» ወይም «ሐ» ውድድር ካለበት ለሐኪሙና ለዳይሬክተሩ ተናግረህ ቅር። ባለፈው ዓመት ሜይ ከመድረሱ በፊት ይህ ምልክት መጥቶብህ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። የዛን ጊዜ የሰዓትህ መዝገብ ካለ መለስ ብለህ እየው፣ ኤፕሪልን በተለይ።

የፌብሩዋሪ ሁለተኛ ውድድርህ እንዳለቀ የሦስት ሳምንቱን ምትና እንቅልፍ ላክልኝ። ዳይሬክተርህ በረቡዕ ጉዳይ ያለህንም ጻፍልኝ። እምቢ ካለህ፣ አምስቴልን ወይስ ሊዬዥን እንደምንይዝ ያን ጊዜ አብረን እንወስናለን፤ እኔ አሁን ወደ ሊዬዥ ነው የማደላው።